ሻፐሮን ስጨምር በትክክል የሚታጠፈው ፕሮቲን ለምን ይቀንሳል?

እንጦጦ_ማለዳ · ሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ መነሻዬ ባዮሎጂ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ያሉ ሻፐሮኖች (ሌሎች ፕሮቲኖች እንዲታጠፉ የሚረዱ ፕሮቲኖች) ፕሮቲን በስህተት እንዳይታጠፍ እንዴት እንደሚከላከሉ በሒሳብ ሞዴል ማሳየት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ሞዴሉ ቀላል ነው። ፕሮቲኑ አራት ሁኔታ አለው። ከራይቦዞም (ፕሮቲን ከሚሠራበት የሴል ክፍል) እንደወጣ ያልታጠፈ ነው። ከዚያ በትክክል ይታጠፋል፤ ወይም በስህተት ይታጠፋል። በስህተት የታጠፈውን «ጠማማ» ልበለው። ጠማሞቹ እርስ በርስ ሲጣበቁ ደግሞ ጓል ይሆናሉ። ሻፐሮኑ ያልታጠፈውንም ጠማማውንም ይይዛል። የያዘውን ጠማማ ፈትቶ፣ ያልታጠፈ አድርጎ ይለቀዋል። የእያንዳንዱን ለውጥ ፍጥነት ጽፌ ኮምፒውተሩ እስከ 30 ደቂቃ ድረስ እንዲያሰላ አደረግሁ።

ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ።

አንደኛ፣ የሻፐሮኑን መጠን ከዜሮ ጀምሬ ስጨምር በትክክል የታጠፈው መጀመሪያ ከፍ ይላል። ከዚያ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ረዳት ሲበዛ ሥራ እንዴት ይበላሻል?

ሁለተኛ፣ የሴሉን ነዳጅ ኤቲፒን ከሞዴሉ ሙሉ በሙሉ ባወጣውም ሻፐሮኑ ጠማማውን መፍታቱን አያቆምም። አማካሪዬ ግራፉን አይተው «ይሄ ልክ አይደለም፣ ፈልጊው» አሉኝ። ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ኮዱን ሦስት ጊዜ ከባዶ ጻፍኩት። ውጤቱ ያው ነው። ኮዱን አያይዣለሁ።

---

ቀመረኛው · ሰኞ ማታ 4:05

ልጄ፣ መጀመሪያ ሻፐሮኑን አውጪውና ሞዴሉን ባዶውን እዪው። ያለ ረዳት ምን እንደሚሆን በወረቀትና በእስክሪብቶ ሳናውቅ በረዳቱ ላይ መፍረድ አንችልም።

ያልታጠፈ ፕሮቲን ሁለት ዕጣ አለው። አንዱ ብቻውን መታጠፍ ነው። ለዚህ ማንንም አይፈልግም። ስለዚህ ፍጥነቱ በፕሮቲኑ መጠን ልክ ያድጋል። ሌላው ከመሰሉ ጋር ተጋጭቶ መጓጎል ነው። ለግጭት ሁለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፍጥነቱ በመጠኑ ካሬ ያድጋል። መጠኑን እጥፍ ብታደርጊው መታጠፉ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ መጓጎሉ ግን አራት እጥፍ። ኪፍሃበርና ባልደረቦቹ በ1991 ያሳተሙት ሞዴል ከዚህ ሽቅድምድም ነው የሚነሳው።

ጠማማውን ለጊዜው ትተን፣ ያልታጠፈው በቀጥታ ይጓጉላል ብለን እንያዝ። ያን ጊዜ እኩልታው በእጅ ይፈታል። የመጓጎሉን የፍጥነት ቁጥር በመነሻው መጠን አባዢና ለመታጠፉ የፍጥነት ቁጥር አካፍዪ። ውጤቱን «ሸ» በዪው። በመጨረሻ በትክክል የሚታጠፈው ድርሻ ይሄ ነው፦

ድርሻ = ሎግ(1 + ሸ) ÷ ሸ

ሎጉ ተፈጥሯዊው ሎጋሪዝም ነው። ለምሳሌ መታጠፉ በሰከንድ 0.01፣ መጓጎሉ በሞላር በሰከንድ 100,000 ይሁን። መነሻው 0.1 ማይክሮሞላር ከሆነ ሸ 1 ነው፤ 69 በመቶው በደህና ይታጠፋል። 1 ማይክሮሞላር ከሆነ ሸ 10 ነው፤ 24 በመቶ ብቻ ይተርፋል። 10 ማይክሮሞላር ከሆነ 5 በመቶ እንኳን አይሞላም። ፕሮቲኑ ያው፣ ሙቀቱ ያው። የተለወጠው ስንቱ አንድ ላይ መኖሩ ብቻ ነው።

አሁን የባክቴሪያዋን ሆድ አስቢው። በኢ. ኮላይ ውስጥ ፕሮቲኑና አርኤንኤው ተደምሮ በሊትር ከ300 እስከ 400 ግራም ይደርሳል። ይሄ ውኃ ሳይሆን ሊጥ ነው ማለት ይቻላል። ሻፐሮን ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ነገር የለም።

---

የ11ኛ_ክፍል_መምህርት · ማክሰኞ ጠዋት 1:10

ጋሽ ቀመረኛው፣ ይሄን ካሬ ገንፎ ያገነፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዱቄቱን በአንዴ ከገለበጡት ጓል ይይዛል። በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሱ በማማሰያ ሲያማስሉት ግን ልስልስ ይላል። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው። ዛሬ ለተማሪዎቼ በዚህ ነው የማስረዳቸው።

ሁለት ጥያቄ ልጠይቅ። ሻፐሮንን በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንዱ «ሞግዚት» ሲል ሰምቻለሁ፤ ለእኔ አይጥመኝም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። እኔ እስከ ዛሬ ሻፐሮን ማለት እንደ ሸክላ ሠሪ ቅርጽ ማውጫ ነው ብዬ ነው ያስተማርኩት። ፕሮቲኑ ይገባል፣ ቅርጹን ይዞ ይወጣል ብዬ። ልክ ነኝ?

---

የላብ_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 2:45

መምህርት፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅርጽ ማውጫ አይደለም። ሻፐሮኑ ስለ ፕሮቲኑ ቅርጽ ምንም አያውቅም።

ቅርጹ ያለው በራሱ በፕሮቲኑ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ይሄን ያሳየው ክርስቲያን አንፊንሰን ነው። ራይቦኑክሊዬዝ ኤ የሚባለውን 124 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ወሰደ። ስምንት ሲስቲኖች አሉት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተያይዘው አራት ድልድይ ይሠራሉ። አንፊንሰን ድልድዮቹን ሁሉ ሰበረ፤ ፕሮቲኑንም ፈታው። ከዚያ መፍቻ ኬሚካሉን ሲያስወግድለት ፕሮቲኑ ያለ ማንም እርዳታ ወደ ቅርጹ ተመለሰ፤ ሥራውንም ቀጠለ። ስምንት ነገርን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመሪያው 7 × 5 × 3 × 1፣ ማለትም 105 መንገድ ነው። ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። እሱን አገኘው። በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ።

ስለዚህ ሻፐሮን ቅርጽ አይሰጥም፤ ዕድል ይሰጣል። ፕሮቲኑ ሳይጓጉል ደግሞ እንዲሞክር ያደርገዋል።

ለዚህ ነው «ሚዜ» የሚለውን የምመርጠው። ሚዜ ሙሽራውን ያጅባል፤ ከማይሆን ነገር ይጠብቀዋል። ሠርጉ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትዳሩ ውስጥ የለም። ጆን ኤሊስ በ1987 ቃሉን ለሁሉም ሲያሰፋው ያለውም ይሄንኑ ነው፦ ሌላው እንዲገጣጠም ይረዳል፣ ከተገጣጠመው ነገር ግን አካል አይሆንም።

ጓሉን በዓይኔ የማየው ሰው ነኝ። የሥራዬ ግማሽ ኢ. ኮላይን የሌላ ፍጥረት ፕሮቲን እንድታመርት ማድረግ ነው። በ37 ዲግሪ በፍጥነት ካስመረትኳት፣ ሴሉን ሰብሬ በሴንትሪፊዩጅ ሳሽከረክረው ፕሮቲኔ ከቱቦው ሥር ጠንካራ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። ከላይ ያለው ፈሳሽ ባዶ ነው። ቱቦውን ገልብጬ ባራግፈው እንኳን ዝቃጩ አይወርድም። ያንኑ ባክቴሪያ በ18 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብላ እንድታመርት ስተዋት፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ድርሻ ከላይ ካለው ፈሳሽ ውስጥ አገኛለሁ። የጋሽ ቀመረኛው «ሸ» ማለት ለእኔ ያ ዝቃጭ ነው።

---

ኮድ_በአማርኛ · ማክሰኞ ቀን 7:30

እንጦጦ፣ ኮድሽን አሠራሁት። ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ሦስት ጊዜ መጻፍሽ ለዚህ ነው ያልጠቀመሽ። ነገሩ ያለው ከኮዱ በፊት ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ። ሰዓቱን 30 ደቂቃ ላይ አቁመሽዋል። እስከ 10 ሰዓት አስኪጂው። ሻፐሮኑ ሲበዛ በመጨረሻ የሚታጠፈው ድርሻ እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም እንደሚጨምር ታያለሽ። የቀነሰው ፍጥነቱ ነው። ሻፐሮኑ ሲበዛ ፕሮቲኑ ከአንዱ እጅ ሲወጣ ሌላው ይቀበለዋል። በአንቺ ሞዴል ፕሮቲን የሚታጠፈው ነጻ ሲሆን ብቻ ነው። ነጻ የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ እያጠረ ሄደ። ሳይጓጉል ይቆያል፤ ግን ሳይታጠፍም ይቆያል።

ይሄ ማለት ጫፉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ኢ. ኮላይ ሲመቻት በ20 ደቂቃ ለሁለት ትከፈላለች። 10 ሰዓት መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ የሚጠየቀው «በመጨረሻ ስንቱ ታጠፈ» ሳይሆን «ባላት ጊዜ ውስጥ ስንቱ ታጠፈ» ነው። ግራፍሽን በሁለቱም መንገድ ሳዪውና ጎን ለጎን አስቀምጪው።

ስለ ሁለተኛው። ሞዴልሽ ውስጥ ክብ አለ። ያልታጠፈ ጠማማ ይሆናል፤ ጠማማው ሻፐሮን ላይ ይያዛል፤ ሻፐሮኑ ላይ እንዳለ ይፈታል፤ ተፈትቶ ይለቀቃል። ተመልሰሽ እዛው። ከእንጦጦ ተነስተሽ ቁልቁል ብቻ እየወረድሽ ዞረሽ እንጦጦ መድረስ አትችይም። ሞዴሉም ያው ነው። ኃይል ካልገባበት፣ ክቡን በአንድ አቅጣጫ የሚያዞሩት የፍጥነት ቁጥሮች ብዜት በተቃራኒው አቅጣጫ ከሚያዞሩት ብዜት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንቺ ሻፐሮኑ ላይ ያለውን መፈታት ወደፊት ብቻ ጽፈሽ መመለሻውን ዜሮ አደረግሽው። በዚህ ምክንያት ክቡ ያለ ነዳጅ ይዞራል። አማካሪሽ ያዩት እሱን ነው።

መፍትሔው ሻፐሮኑን ለሁለት መክፈል ነው፦ ኤቲፒ የያዘ እና ኤዲፒ (ኤቲፒ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረውን) የያዘ። ዲኤንኤ-ኬ የሚባለውን ሻፐሮን ብትወስጂ፣ ኤቲፒ ሲይዝ እጁ ክፍት ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል። ረዳቱ ዲኤንኤ-ጄ መጥቶ ኤቲፒውን እንዲያቃጥል ሲገፋፋው እጁ ይዘጋል። ሌላው ረዳቱ ግርፕ-ኢ ኤዲፒውን ያስወጣለታል፤ አዲስ ኤቲፒ ይገባል፤ እጁ ይከፈታል። ሴሏ የኤቲፒውን መጠን ከኤዲፒው በብዙ አስበልጣ ስለምትይዝ ነው ክቡ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞረው። ያንን ልዩነት ስታጠፊው ክቡ መቆም አለበት። ካልቆመ የሆነ ቦታ አሁንም ነጻ ነዳጅ አለ ማለት ነው።

---

የላብ_ልጅ · ማክሰኞ ቀን 8:15

ኮድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እንጦጦ ሞዴሉን ካስተካከለች በኋላ እንዳትደነግጥ።

ክቡ ቢቆምም፣ ያለ ኤቲፒ ሻፐሮን መጨመር በትክክል የሚታጠፈውን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይሄ ስህተት አይደለም። መያዝ ብቻውን ጥቅም አለው። ጠማማው ተይዞ ሳለ ከመሰሉ ጋር አይጋጭም። ኢ. ኮላይ አይቢፒ-ኤ እና አይቢፒ-ቢ የሚባሉ ትናንሽ ሻፐሮኖች አሏት፤ ኤቲፒ አይጠቀሙም፣ ሥራቸው መያዝ ነው። በሁለቱ ሽፋኖቿ መካከል ባለው ክፍል ደግሞ ጭራሽ ኤቲፒ የለም። እዚያ ያለው ኤች-ዲ-ኢ-ኤ ባክቴሪያዋ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ስታልፍ ብቻ ነው የሚነቃው። አሲዱ ራሱ ቅርጹን ይፈታዋል፤ ተፈትቶ ሌሎቹን ይይዛል። ስለሱ ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ያለ ኤቲፒ መያዝ ይቻላል። ይዞ መፍታት፣ ፈትቶ መልቀቅ፣ ይሄንንም ሳይደክሙ መደጋገም ግን ዋጋ ይጠይቃል።

---

ቀመረኛው · ማክሰኞ ማታ 1:40

ስለ ዋጋው ከተነሳ፣ በጣም የምወዳትን ቀመር ላምጣ። ቶድ፣ ሎሪመርና ቲሩማላይ በ1996 ግሮኤል የሚባለውን የኢ. ኮላይ ሻፐሮን ለማስረዳት ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ግሮኤል በየዙሩ ጠማማውን ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ዕድል ሰጥቶ ይለቀዋል። በእያንዳንዱ ዙር ጥቂቱ ድርሻ በትክክል ይታጠፋል። የቀረው ተመልሶ ጠማማ ይሆናል፤ እንደገና ይገባል። የአንዱን ዙር ዕድል «ዕ»፣ የዙሩን ብዛት «ዙ» እንበል፦

የታጠፈው ድርሻ = 1 − (1 − ዕ)^ዙ

ዕ 5 በመቶ ብቻ ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሞክር 95 በመቶው ይጠፋል። 14 ዙር ሲሄድ ግን ግማሹ ታጥፏል። 45 ዙር ሲሞላ 90 በመቶው። 90 ዙር ሲሞላ 99 በመቶው። ማንም አላስተማረውም። ዕድሉ በየዙሩ ያው 5 በመቶ ነው። የተለወጠው ስንት ጊዜ እንደሞከረ ነው።

በአማካይ አንድ ፕሮቲን 20 ዙር ይፈልጋል፤ 1 ለ0.05 ሲካፈል። የግሮኤል አንዱ ቀለበት ሰባት አባላት አሉት፤ በአንድ ዙር ሰባት ኤቲፒ ያቃጥላል። 20 ጊዜ 7፣ 140 ኤቲፒ። ውድ ነው? ፕሮቲኑን መጀመሪያ ለመሥራት ከወጣው ጋር እናወዳድረው። አንድ አሚኖ አሲድ ለመጨመር አራት ያህል የኤቲፒ ዋጋ ይወጣል። 300 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን 1,200 ወስዷል። 140ው ከዚያ 12 በመቶ እንኳን አይሞላም። ጥሎ አዲስ ከመሥራት ያለውን ማዳን እጅግ ይረክሳል።

እንጦጦ፣ የዚያን ጽሑፍ ርዕስ ብታዪው «ፍጥነትንና ምርትን ማመቻቸት» የሚል ሐሳብ አለበት። የአንቺ ጫፍ ማለት እሱ ነው። ፕሮቲኑን ረጅም ጊዜ ብትይዢው ዙሩ ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ ብትለቂው ዙሩ ይበዛል። ጥሩ ሻፐሮን ማለት በጣም አጥብቆ የያዘው አይደለም፤ በሰዓቱ የለቀቀው ነው።

---

የላብ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3:00

ጋሼ፣ ቀመሩን አልቃወምም። ነገር ግን ግሮኤልን ወደ አንድ ቁጥር ማሳነሱ ትንሽ ይከብደኛል።

ላላየው ሰው ልግለጸው። ግሮኤል ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት ቀለበቶች ነው፤ በድምሩ 14 አባላት፣ ክብደቱ ወደ 800 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይጠጋል። መሶብ ይመስላል። ግሮኢኤስ ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት ክዳን ነው። ጠማማው ፕሮቲን ቅባታማ ጎኑ ስለሚጋለጥ በመሶቡ አፍ ላይ ባለው ቅባታማ ጠርዝ ይጣበቃል። ኤቲፒ ሲገባ የመሶቡ ግድግዳ ይጠማዘዛል፤ ክዳኑ ይገጠማል። የውስጡ ግድግዳ ቅባታማነቱ ጠፍቶ ውኃ ወዳድ ይሆናል። ፕሮቲኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። እስከ 60 ኪሎዳልተን የሚደርስ ፕሮቲን ብቻውን ሊቀመጥበት ይችላል። ብቻውን ነው፤ የሚጋጨው ሰው የለም። በጋሼ የመጀመሪያ ቀመር መጓጎሉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። የኡልሪኽ ሃርትልና የማናጂት ሃየር-ሃርትል ቡድን አንዳንድ ፕሮቲኖች መሶቡ ውስጥ ከውጭ ይልቅ በፍጥነት ይታጠፋሉ ይላል፤ ጠባቡ ቦታና የግድግዳው ባሕርይ ራሱ ይረዳል ባይ ናቸው። የአርተር ሆርዊች ቡድን ደግሞ፣ ውጭ ያለው ፕሮቲን በጣም ቀጥኖ እንዳይጓጉል ከተደረገ ፍጥነቱ ያው ነው፣ መሶቡ ዝም ብሎ መጠለያ ነው ይላል። ሃርትልና ሆርዊች በ1989 ይህን የፕሮቲን ቤተሰብ በእርሾ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አብረው ያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ በ2011 የላስከርን ሽልማት አብረው ወስደዋል። በዚህ ጉዳይ ግን አልተስማሙም።

እኔ ወደ መሶቡ አደላለሁ። አንዱን ቀለበት ብቻ ይዞ የቀረ፣ ክዳኑን ቶሎ የማይለቅ የግሮኤል ዓይነት አለ፤ ዙር የለውም ማለት ነው። እሱም በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሩቢስኮ የሚባለውን ፕሮቲን ያጥፋል። ዙር ሳይኖር ከታጠፈ፣ ዙሩ ሁሉንም ነገር አያስረዳም።

---

ቀመረኛው · ማክሰኞ ማታ 3:35

ልክ ብለሃል፣ እቀበላለሁ። ሁለቱም በአንድ ሞዴል ውስጥ ይገባሉ። ዕ የሚባለው ቁጥር መሶቡ ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ አንተ የምትለው እሱን ነው። እኔ የምለው ስለ ዙ ነው። ክርክሩ «የትኛው ይለያያል» ወደሚል ከተለወጠ በሙከራ ይለካል። እንጦጦ፣ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጪያቸው፤ በአንድ ቁጥር እንዳትደባልቂያቸው።

---

ስደተኛዋ_ነርስ · ረቡዕ ጠዋት 12:50

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። የአልዛይመር ሕመምተኞችን እየተንከባከብኩ ነው የምውለው። እዚያም ፕሮቲን በስህተት ታጥፎ ነው ይባላል። የእናንተ ባክቴሪያ ለነሱ የሚጠቅም ነገር አላት?

---

የላብ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 2:20

እህቴ፣ በቀጥታ አይደለም፤ ያልሆነ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። የሽቅድምድሙ ሒሳብ ግን አንድ ነው፤ መታጠፍና መጓጎል። የእኛም ሴሎች የእነዚህ ሻፐሮኖች ዘመዶች አሏቸው። የዲኤንኤ-ኬ ዘመድ ኤችኤስፒ 70 ይባላል። የግሮኤል ዘመድ በሚቶኮንድሪያችን ውስጥ ያለው ኤችኤስፒ 60 ነው። ባክቴሪያዋ ትንሽ ስለሆነች፣ ክፍሎቿም በደንብ ስለተለኩ፣ ሒሳቡን መጀመሪያ በሷ ላይ እንማራለን። ለምትሠሪው ሥራ አክብሮቴ ትልቅ ነው።

---

እንጦጦ_ማለዳ · ረቡዕ ማታ 2:30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ያልፈታሁት በሁለት ቀን ተፈታ።

መጀመሪያ ጋሽ ቀመረኛው እንዳሉት ሻፐሮኑንና ጠማማውን አውጥቼ በእጅ ፈታሁት። የኮምፒውተሩ ውጤት ከሎጉ ቀመር ጋር እስከ አራተኛው አሃዝ ገጠመ። ያን ጊዜ ኮዱን አመንኩት። ከዚያ ሰዓቱን ወደ 10 ሰዓት ሳሳድገው ጫፉ ጠፋ። ወደ 20 ደቂቃ ሳጠጋው ጫፉ ተመለሰ፤ እንዲያውም ወደ ግራ ተጠጋ። ማለት፣ ጊዜ ባጠረ ቁጥር የሚበጀው የሻፐሮን መጠን ያንሳል። ይሄን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ሁለተኛውን ለማስተካከል ሌሊቱን አመሸሁ። መመለሻዋን እርምጃ ጨምሬ፣ የክቡን ብዜት አመጣጥኜ፣ ኤቲፒና ኤዲፒን ለየብቻ አስገባሁ። አሁን የኤቲፒውን ብልጫ ሳጠፋው ክቡ ቀጥ ይላል። ሻፐሮኑ መያዝ ብቻ ይቀረዋል፤ ልክ የላብ_ልጅ እንዳለው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እስካሁን አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው ያለኝ። እውነተኛዋ ባክቴሪያ ግን ብዙ ሺህ ዓይነት አላት። ሁሉም በአንድ መሶብ ይሰለፋሉ?

---

ኮድ_በአማርኛ · ረቡዕ ማታ 3:15

ጎበዝ! ሁሉም አይሰለፉም፤ ምስጢሩም እሱ ነው። አብዛኛው ፕሮቲን በራሱ ወይም በትንሽ እርዳታ ይታጠፋል። ትሪገር ፋክተር የሚባለው ሻፐሮን ራይቦዞሙ በር ላይ ቆሞ አዲስ የሚወጣውን ይቀበላል። የሚብሰው ወደ ዲኤንኤ-ኬ ይሄዳል። ግሮኤልን የሚነኩት 250 ያህል ዓይነት ናቸው፤ በ2005 የወጣው ጥናት ከነሱ ውስጥ 85 ያህሉን ያለ ግሮኤል አይሆንላቸውም ብሎ ነበር። የጓጎለውን ደግሞ ክልፕ-ቢ የሚባለው ሻፐሮን ከዲኤንኤ-ኬ ጋር ሆኖ ከጓሉ ውስጥ እየመዘዘ ያወጣል።

ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ያደረጉ ሁለት ሥራዎች አሉ። ፓወርስና ባልደረቦቹ በ2012 ፎልድኢኮ የሚባል ሞዴል አወጡ። ሳንትራ፣ ፋረልና ዲል በ2017 የሁሉንም ሻፐሮኖች መጠን በተለያየ የእድገት ፍጥነት ከተለኩ ቁጥሮች ጋር አያያዙት። ያገኙት ነገር ለአንቺ የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ መልስ ነው። ማን ወደ የትኛው ሻፐሮን እንደሚሄድ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጠማማው ሁኔታ ምን ያህል ጽኑ ነው፣ ፕሮቲኑስ ወደዚያ ለመግባት ምን ያህል ይቀለዋል። በጣም የታመመው ፕሮቲን በጣም ውዱን ሻፐሮን ያገኛል። የሻፐሮኖቹ መጠን ደግሞ ሁሉን ነገር በደህና ለመያዝ ልክ በቂ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ብዙ ሻፐሮን የሚያስፈልገው በሁለት ጊዜ ነው ይላሉ። አንዱ በፍጥነት ስታድግ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን ይጎርፋላ። ሌላው በጣም ቀስ ብላ ስታድግ ነው፤ ያኔ አሮጌው ፕሮቲን ሳይታደስ ብዙ ስለሚቆይ ይበላሻል። ሁለተኛውን ማንም በቀላሉ የሚገምተው አይመስለኝም።

---

የ11ኛ_ክፍል_መምህርት · ረቡዕ ማታ 3:50

ልክ በቂ መሆኑን በምን ታውቃለች? የሚቆጥርላት የለ!

---

ኮድ_በአማርኛ · ረቡዕ ማታ 4:20

መምህርት፣ ይሄ የእኔ የልብ ጥያቄ ነው። ሲግማ 32 የሚባል ፕሮቲን አለ። ብዙ ሻፐሮን እንዲሠራ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው። በደህና ጊዜ ነጻ የሆነ ዲኤንኤ-ኬ ይይዘዋል፤ ኤፍቲኤስ-ኤች የሚባል ቆራጭ ይበላዋል። ግማሽ ዕድሜው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሙቀቱ ከ30 ወደ 42 ዲግሪ ሲዘል ፕሮቲኖች ይጣመማሉ። ዲኤንኤ-ኬ እነሱን ለመያዝ ይሯሯጣል፤ ሲግማ 32ን ይለቀዋል። የተለቀቀው ሲግማ አይበላም፤ ሻፐሮን ያሠራል። ሻፐሮኑ ሲበቃ ትርፉ ተመልሶ ሲግማውን ይይዛል። ትእዛዙ ይቆማል። ማንም አይቆጥርም። ሥራ ፈት የሆነው ሻፐሮን ራሱ ነው ቆጣሪው።

በዚህ ላይ የሲግማ 32 መልእክተኛ አርኤንኤ በራሱ ላይ ታጥፎ የተቆለፈ ነው፤ ሙቀቱ ሲፈታው ወዲያው ይነበባል። ይሄ ጉዳት እስኪደርስ አይጠብቅም። ኤል-ሳማድና ባልደረቦቿ በ2005 ይሄን በቁጥጥር ምሕንድስና ሒሳብ አጥንተውታል። እኔ ከኮድ ወደ ባዮሎጂ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

---

የላብ_ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 2:10

እንጦጦ፣ ሞዴልሽ ከተስተካከለ በሙከራ እንፈትነው። በ2018 የጎሉቢኖፍና የዴ ሎስ ሪዮስ ቡድን ማሌት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ወሰደ። ይሄ ኢንዛይም በ37 ዲግሪ ብቻውን አይቆምም፤ እየተፈታ ይበላሻል። ሻፐሮንና ኤቲፒ ሲኖር ግን ሊቆምበት በማይችለው ሙቀት ሥራውን እየሠራ ይቆያል። ኤቲፒው ሲጠፋ ይወድቃል።

ኢንዛይሙ እኔ ጋ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት እደግመዋለሁ። ኤቲፒውን ግን አዲስ እበጠብጣለሁ። ዱቄቱ በውኃ ሲሟሟ አሲድ ነው፤ ወደ 7 ካልተመለሰ ኢንዛይሙን የሚገድለው አሲዱ ይሆናል። በዚህ አንድ ወር ሙሉ የጠፋብኝ ጊዜ አለ። ግሮኤል ማግኒዥየምና ፖታሲየም እንደሚፈልግም አልረሳም። 40ኛው ደቂቃ ላይ አፒሬዝ የሚባል ኢንዛይም ጨምሬ ኤቲፒውን አጠፋዋለሁ። የማሌት ዲሃይድሮጂኔዙ የሥራ ኩርባ ምን እንደሚሆን አንቺ አስቀድመሽ እዚህ ጻፊ። ከዚያ የእኔን እለጥፋለሁ።

---

እንጦጦ_ማለዳ · ሐሙስ ማታ 1:05

ጻፍኩ። አፒሬዙ ከገባ በኋላ ኩርባው ወዲያው አይወድቅም። ሻፐሮኑ ላይ ያለው ኤቲፒ እስኪያልቅ ትንሽ ይንገዳገዳል። ከዚያ ይወርዳል፤ አወራረዱም ጨርሶ ሻፐሮን ከሌለበት ይዘገያል፤ መያዙ አሁንም አለና። አዲስ ኤቲፒ ብትጨምርበት ተይዞ የቆየው ይመለሳል፤ ጓል የሆነው ግን አይመለስም፤ ክልፕ-ቢ ቱቦው ውስጥ የለማ። ግራፉን ከነቁጥሮቹ አያይዣለሁ። እስክትለጥፍ አልነካውም።